የሚስተር ቢን ካናቴራ ለ14 ሰው፦ ፊቱን፣ ሚኒ መኪናዋን ወይስ ሶፋውን?

ጨሞጋ_ዳር (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ልጆች ሆነን፣ በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረ። የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ዴክ፣ አንድ 21 ኢንች ቴሌቪዥን። ማታ ማታ የካራቴና የህንድ ፊልም ይታያል፤ እሱ ለትልልቆቹ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ሚስተር ቢን ነበር፣ ለኛ። መግቢያው 50 ሳንቲም። ሳንቲም የሌለው ልጅ ውሃ ቀድቶ ወይ ደጁን ጠርጎ ይገባል። ባለቤቱ አንድም ልጅ ከበር ሲመልሱ አላየሁም። ስማቸውን ትቼ «ጋሼ» ልበላቸው፤ ያኔም የምንጠራቸው እንደዚያው ነበር።

ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ አርጅቶ ነበር። ሚስተር ቢን መኪናው ጣሪያ ላይ ሶፋ አስሮ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በገመድ የሚነዳባት ክፍል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይጎተታል። ጋሼ ዴኩን ከፍተው ካሴቱን በእርሳስ ያጠነጥናሉ፤ ግን ከዚያች ቦታ አልፎ አያውቅም፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዘሉታል።

ዛሬ ጋሼ አርጅተዋል። ቤቱም ከፈረሰ ቆይቷል። ያኔ አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጥ የነበርን 13 ሰዎች ለጥምቀት ከያለንበት ማርቆስ እንገናኛለን፤ ጋሼን ጨምረን ለ14 ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ማሠራት አስበናል። ሥዕሉ ከሚስተር ቢን ይሁን በሚለው ሁሉም ተስማምቷል። ከዚያ ወዲያ ግን ስምምነት የለም።

ባለፈው ዓመት ለሙከራ አንድ አሠርቼ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ፊቱን ከኢንተርኔት አውርዶ ደረቴ ላይ ሙሉ ለጠፈው። ከሩቅ ሲታይ ያምር ነበር። በሁለተኛው እጥበት ግንባሩ ተሰነጠቀ፣ በአራተኛው አፍንጫው ተላጠ። ጨርቁም ላብ የማይመጥ ዓይነት ነው። ለጋሼ እንዲህ ያለ ነገር ማልበስ አልፈልግም።

ምን ሥዕል ይሁን? በምን ዓይነት ኅትመት? ጨርቁስ?

ቡሬ_በር

ፊቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እዚህ ቡሬ የበርበሬ ገበያ መሀል ያን ፊት ይዘህ ብታልፍ አሮጊት እንኳ ትለየዋለች። የማተሚያ ቤቱ ጥፋት የሥዕሉ ጥፋት አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ፈልግ።

ዳንግላ_01

እኔ ፊቱን አልደግፍም። ያ ፊት የሚያስቀው ስለሚንቀሳቀስ ነው። ቅንድቡ ከፍ ሲል፣ ዓይኑ ወደ ጎን ሲሸሽ፣ ከንፈሩ ሲጠመም። ካናቴራ ላይ ስታቆመው የአንድ ሰው ፎቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የሚስተር ቢንን ፕሮግራም ደግመህ ብታየው፣ ግማሹን ሥራ የሚሠሩት ዕቃዎቹ ናቸው። ሎሚ ቀለም ያላት ሚኒ፣ ኮፈኗ ጥቁር። በሯ ላይ የገጠመው ጓጉንቸር፤ የሱቅ በር ይመስል ቆልፎ ይሄዳል፤ አንዳንዴም መሪውን ነቅሎ ይዞት ይገባል። ቡናማው ኮትና ቀዩ ከረባት። ሰውዬው ራሱ ብዙ አይናገርም፤ ዕቃዎቹ ናቸው የሚናገሩለት። አንድ ጓጉንቸር ብቻ፣ ደረት ላይ፣ በትንሹ። ያየ ሰው ያውቃል፤ ያላየ ይጠይቃል። ጥሩ ካናቴራ የሚባለው ለኔ እሱ ነው፤ ሰው ቆም ብሎ የሚጠይቅበት።

ማር_እሸት (ሞጣ)

ጨሞጋ ዳር፣ ጽሑፍህን ሳነብ ሆዴ ባባ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ እናንተ ቪዲዮ ቤት ገባችሁ፣ እኛ ሴቶቹ አልገባንም። ሞጣ ላይ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ታየች ማለት ወሬው እናቷ ዘንድ ቀድሟት ይደርሳል። እኔ ሚስተር ቢንን ያየሁት አጎቴ ለትንሣኤ ከአዲስ አበባ ዴክ ይዞ ሲመጣ ነው። አያቴ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ባሏ ከሞተ በኋላ እንዲያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እና የኔ ምርጫ ድቡ ነው፣ ቴዲ። ማንም የሌለው ሰው ከድብ አሻንጉሊት ጋር ይኖራል፤ አልጋ ውስጥ ያስተኛዋል፣ ያለብሰዋል፣ ይቆጣዋል። ድቡ ራሱ በሹራብ የተሠራ ነው፣ ዓይኑ ቁልፍ ነው። እሱን ማተም ሳይሆን መጥለፍ ነው የሚያምረው። በቡናማ ክር፣ ዓይኑን እውነተኛ ቁልፍ አድርጎ። ጥልፍ ደግሞ አይላጥም።

ቡሬ_በር

ጥልፉ ጥሩ ሐሳብ ነው እህቴ። ብቻ ሥሩ ላይ «ቴዲ» ብላችሁ እንዳትጽፉበት፤ እዚህ አገር ቴዲ ሲባል ሰው ዘፋኙን ነው የሚያስበው። ድቡን ያለ ጽሑፍ ተዉት።

ደጀን_ቁልቁለት

ስለ ምግብ ቤቷ ክፍል ማንም አላነሳም? እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣችው። ሰውዬው የልደቱን ቀን ብቻውን ሊያከብር ምግብ ቤት ይገባል፤ ስሙን ሳያውቅ ያዘዘው ምግብ ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ሆኖ ይመጣለታል። መብላት አቅቶት በየቦታው ይደብቀዋል፤ በአበባ ማስቀመጫው፣ በዳቦው ውስጥ፣ በሌላ ሰው ዕቃ ውስጥ።

እኛ ያየናት ደጀን፣ ሥጋ ቤት ውስጥ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ነው። አጠገቤ ቁርጥ እየቆረጡ የነበሩ ሰዎች ግራ ገባቸው። «ጥሬ ሥጋ መጥቶለት ምን ሆኖ ነው የሚደብቀው? ታሟል?» አሉ። እንግሊዝ አገር ሰው በዚህ እንደሚሳቀቅ ለማስረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ሲገባቸው ደግሞ በሌላ ምክንያት ሳቁ፤ «ለኛ ይላክልን» ብለው። ካናቴራው ላይ ሳህን ሙሉ ጥሬ ሥጋና ቢላዋ ብታደርጉ ጎጃሜነቱም ሚስተር ቢንነቱም አንድ ላይ ይመጣል።

ማር_እሸት (ሞጣ)

እዚያች ክፍል ላይ እኔን የነካኝ ሥጋው አይደለም። ከሥጋው በፊት የልደት ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ለራሱ ይጽፋል፣ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ማን እንደላከው እንደማያውቅ ሁሉ ከፍቶ ደስ ይለዋል። ያን ያየሁ ቀን አልሳቅኩም።

ጣና_ጨርቅ (ባሕር ዳር)

ስለ ጨርቁና ስለ ኅትመቱ ልመልስ፤ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነው የተማርኩት፣ አሁን የምተዳደረውም በኅትመት ነው።

ጨሞጋ ዳር፣ ያ የተላጠብህ ካናቴራ ምን እንደደረሰበት ከአገላለጽህ መገመት ይቻላል። ላብ የማይመጥ ካልክ ጨርቁ ፖሊስተር ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ በላዩ በሙቀት የተለጠፈ ፊልም ነው። ፊልሙ ወፍራም ከሆነ፣ የተጫነበት ሙቀት ወይም ጊዜ ካነሰ፣ ከጨርቁ ጋር ሳይዋሃድ እንደ ፕላስተር ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስታጥበው ጨርቁ ይለጠጣል፣ ፊልሙ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል።

ባጭሩ ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው። ሰብሊሜሽን የሚባለው ቀለሙ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ወደ ጋዝ ተለውጦ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ፈጽሞ አይላጥም። ግን ለፖሊስተር ብቻ ነው፣ ያውም ለነጭ ወይም ለፈዛዛ ቀለም። ጥጥ ላይ ብትሞክረው በአንድ እጥበት ይደበዝዛል። ዲቲኤፍ ደግሞ ፊልም ላይ ታትሞ በሙጫ ዱቄት ይረጭና በሂት ፕሬስ ይጫናል፤ ለጥጥም ይሆናል፣ ቀለሙ የበዛ ፎቶ ሲሆን ጥሩ ነው፤ በደንብ ካልተሠራ ግን ያንተን ዓይነት ዕጣ ያመጣል።

ለ14 ሰው፣ ቀለሙ አንድ ወይም ሁለት ለሆነ ሥዕል ስክሪንን፣ ማለትም ፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት ማተምን፣ የሚያህል የለም። ቀለሙ በወንፊቱ አልፎ ክሩን ይይዛል። ጨርቁን ከመቶ መቶ ጥጥ፣ በካሬ ሜትር ከ180 ግራም የማያንስ ውሰድ። ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ወፈር ቢል ነው የሚሻል። ስትገዛ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሳው፤ ጣትህ ቁልጭ ብሎ ከታየህ ስስ ነውና ተወው። ቀለሙ ፕላስቲሶል የሚባለው ፕላስቲክነት ያለው ዓይነት ከሆነ 160 ዲግሪ አካባቢ መብሰል አለበት፤ ነክተኸው ስለደረቀ በስሏል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን ስትመርጡ ይህን አስቡ፤ የፊት ፎቶ በስክሪን አስቸጋሪ ነው፣ ሚኒዋ ግን አረንጓዴና ጥቁር ብቻ ናት። ለስክሪን የተፈጠረች ይመስል።

እንጅባራ_ሦስት_እግር

ሰላም ለሁላችሁ። ባጃጅ ነጂ ነኝ። ሚኒዋን ብታደርጉ ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልለምን። ያቺን ሰማያዊ ባለሦስት እግር መኪና ታስታውሳላችሁ፤ ሚስተር ቢን ባገኛት ቁጥር ገፍቷት የሚገለብጣት። ልጆች እዚህ በኛ ባጃጅ ቀይረው እየሳሉ አይቻለሁ፤ ሰማያዊ ባጃጅ በጎኗ ተኝታ፣ ሚኒዋ ስታልፍ። ያስቃል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ባጃጅ ከነተሳፋሪዋ ስትገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰው ሞቶበታል። ሰማያዊዋን ካስገባችኋት ቆማ ትሁን።

ዳንግላ_01

ልክ ነህ ወንድሜ። እኔም ልጠቁማት አስቤ ነበር፣ ትቼዋለሁ።

ፍኖተ_ማንጎ (ፍኖተ ሰላም)

የሕግ ባለሙያ ነኝ። ሥዕሉን ከመወሰናችሁ በፊት መብቱን እዩት።

አንደኛ ፊቱ። ማንም ያልጠቀሰው ሕግ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው፤ የ1952ቱ። አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም፣ ማባዛትም፣ ለሽያጭ ማቅረብም እንደማይቻል ይደነግጋል። ሚስተር ቢን የፈጠራ ሰው ቢሆንም ፊቱ የሮዋን አትኪንሰን ፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ ሰው።

ሁለተኛ ፕሮግራሙ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ፊልምንም ይጠብቃል። ከፊልሙ ላይ አንድ ምስል ቆርጦ ማተም ማባዛት ነው። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግን አዋጁ ይፈቅዳል፤ 14 ግን አንድ አይደለም። በሌላ በኩል አዋጁ ሐሳብን አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ እንጂ። ጣሪያዋ ላይ ወንበር የታሰረባት ትንሽ መኪና ሐሳብ ናት። በገዛ እጃችሁ፣ ከምንም ሳትገለብጡ፣ በራሳችሁ አሳሳል ከሳላችኋት ሥዕሉ የናንተ ነው። የፕሮግራሙን ስም አጻጻፍና ምልክት አትጠቀሙ። አትሽጡም። እኔ በዚህ መንገድ ብትሄዱ ደስ ይለኛል፤ ሕጉን ስለፈራችሁ ብቻ ሳይሆን፣ ጋሼ የሚለብሱት የልጆቻቸው እጅ ሥራ ቢሆን ስለሚበልጥ።

ቡሬ_በር

እሺ፣ በፊቱ ነገር ተሸንፌያለሁ። አንቀጹን አላውቀውም ነበር።

መምህር_ዘደብረ_ኤልያስ

ውድ ጨሞጋ ዳር እና ሌሎቻችሁ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርኩ፤ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ገብቼ እስከ ጡረታ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ይህ ሰው ከሁለቱም በኩል ይመለከተኛል።

ስሙን ልብ ብላችሁታል? ቢን ማለት በእንግሊዝኛ ባቄላ ነው። አቶ ባቄላ። ስሙ ከመወሰኑ በፊት የሌላ አትክልት ስምም ታስቦ ነበር፤ አበባ ጎመን። ፕሮግራሙ ሲጀምር በጨለማ መንገድ ላይ ብርሃን ይወርድና ሰውዬው ከሰማይ ዱብ ይላል፤ መዘምራን በላቲን ይዘምራሉ። ዜማው የሃዋርድ ጉዳል ነው። ብዙ ሰው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመስለዋል። ቃሉ ግን «ባቄላ የሆነውን ሰው እነሆ» ማለት ነው። ጲላጦስ «እነሆ ሰውየው» ያለውን ወስደው በባቄላ ጨረሱት። በኛ አነጋገር ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ባቄላ፣ ወርቁ ከሰማይ የተጣለ እንግዳ።

እኅታችን ማር እሸት የልደት ካርዱን ስታነሳ ልቤ ወደ እርሷ አዘነበለ። የዚህ ሰው ሰሙ ሳቅ ነው፤ ወርቁ ብቸኝነት።

ደግሞ ቋንቋ የማያስፈልገው በአጋጣሚ አይደለም። አትኪንሰን ይህን ሰው ቴሌቪዥን ላይ ሳያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል በተደረገ የቀልድ ፌስቲቫል ላይ ሆነ ብሎ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መርሐ ግብር ገብቶ ሞክሮታል። ቋንቋዬን የማይሰማ ሰው ይስቅልኛል ወይ ብሎ ነው። የሞጣዋ አያት መልሱን ሰጥተውታል። ሰውዬው ምሁር ነው፤ በኦክስፎርድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረ። ሥራውም ብዙ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 የተሠራው 15 ክፍል ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደጋገምባችሁ የነበረው ስለዚህ ነው።

ጽሑፍ ካስፈለጋችሁ በጀርባው በኩል «አቶ ባቄላ» በሉበት። ባቄላ እዚህ ደጋ ላይ የሁላችን ነው፤ የእንግሊዝ ስም መዋስ አያስፈልግም።

እንጅባራ_ሦስት_እግር

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት እያየሁ ስሙ ባቄላ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ደጀን_ቁልቁለት

አቶ ባቄላ! ይኸ ነው። ሥጋዬን አንስቻለሁ፤ ጾም ቢመጣ እንኳ ባቄላ ይለበሳል።

ጨሞጋ_ዳር (ደብረ ማርቆስ)

ሦስት ቀን ዝም ያልኩት ከልጆቹ ጋር እየተመካከርን ስለነበር ነው። የመምህርን ጽሑፍ ለሁሉም አነበብኩላቸው።

የደረስንበት ይኸ ነው። ፊት ለፊት ሚኒዋ፣ ጣሪያዋ ላይ ሶፋው፣ ሶፋው ባዶ። ጋሼ ቤት ካሴቱ የሚጎተትባት ቦታ ስለሆነች ሁላችንም ሳንነጋገር እሷኑ መረጥን። ከኛ አንዱ ሥዕል ያስተምራል፤ ምንም ሳያይ ከራሱ ትዝታ ነው የሳለው፣ ሶፋው የጋሼን አግዳሚ ወንበር ይመስላል። ሰማያዊዋ የለችም። ጀርባው ላይ «አቶ ባቄላ»። ማር እሸት፣ ድቡን ለጋሼ ካናቴራ ብቻ እናስጠልፋለን፣ ከልብ በኩል። አንቺ ትሠሪልን ይሆን? ክሩንና ዋጋውን እንልካለን።

ጣና ጨርቅ፣ ስክሪኑን ራሳችን ልንሠራ ወሰንን። ማርቆስ ላይ መብራት እየሄደ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም፤ ማተሚያ ቤት የሰጠነው ሥራ ለጥምቀት ይደርሳል ብለን መተማመን አልቻልንም። ያለ መብራት ይሠራል?

አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ ለሁላችሁ። ሚስተር ቢን ሶፋው ላይ ሆኖ ሲነዳ መጨረሻው ምን ይሆናል? ከ13ቱ አንዳችንም አላየናትም። ካደግን በኋላ ስልክ ላይ ፈልጎ ማየት ይቻል ነበር፤ ለምን እንዳላየናት አላውቅም።

ማር_እሸት (ሞጣ)

እሠራለሁ። ዋጋ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ። ካናቴራውን ሳይታተም አስቀድመህ ላክልኝ፤ መጥለፊያው ጨርቁን ስለሚወጥረው በታተመበት ላይ አይመችም። ከውስጥ በኩል ስስ አቡጄዲ እደርብበታለሁ፤ አለዚያ ጥልፉ ይሸበሸባል፣ ክሩም ሰውነታቸውን ይቆረቁራቸዋል።

ጣና_ጨርቅ (ባሕር ዳር)

ያለ መብራት ይሠራል። ስክሪንን ለማውጣት ፀሐይ ይበቃል፤ የጥር ፀሐይ ደግሞ የታወቀ ነው።

ፍሬሙን ከእንጨት ሥሩ፣ ወንፊቱን ከበሮ እስኪመስል ወጥሩት። ለጨርቅ በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ይሆናል። ኢመልሽኑን፣ ብርሃን ሲያገኝ የሚደነድነውን ቅብ፣ በጨለማ ክፍል ቀብታችሁ እዚያው አድርቁት፤ ብርሃን ከነካው ሥራው አለቀ። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ይታተምና ወንፊቱ ላይ ይደረጋል፣ በላዩ መስታወት ይጫናል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ጊዜው እንደ ኢመልሽኑ ዓይነት ይለያያል፤ በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ወንፊት ሞክሩ፤ አንዱን ለአንድ ደቂቃ፣ ሌላውን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት። ከዚያ በውሃ ስታጥቡት ፀሐይ ያላገኘው፣ ጥቁሩ የሸፈነው ቦታ ይለቅና ቀለም ማለፊያ ይሆናል።

ሁለት ቀለም ስለሆነ ሁለት ስክሪን ያስፈልጋችኋል። አረንጓዴው ይቀድማል፣ ሲደርቅ ጥቁሩ። ጥቁሩን መስመር ትንሽ ወፈር አድርጉትና አረንጓዴው ላይ በጠርዙ ይደረብ፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ በጥቂቱ ቢንሸራተት እንኳ ነጭ ክፍተት አይታይም። ውሃ ወለድ ቀለም ውሰዱ፤ በካውያ ስለሚጸና ምድጃ አያሻችሁም። የከሰል ካውያ ከሆነ ጥጡ እንዳያር በመሀሉ ንጹሕ ጨርቅ ጣሉበት። ከመጀመሪያው እጥበት በፊት ጥቂት ቀን ቆዩ፤ ሲታጠብ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ሲሰጣም ተገልብጦ።

አዲስ ካናቴራ ከመታተሙ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ ጥጥ በመጀመሪያ እጥበት ይሰበሰባል። ከኅትመት በኋላ ከተሰበሰበ ሚኒዋም አብራ ትሸበሸባለች።

ዳንግላ_01

መጨረሻዋን እኔ አይቻታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣች ክፍል ናት። ለአዲስ ዓመት ሱቁ ሁሉ ዋጋ ቀንሶ ብዙ ዕቃ ይገዛና መኪናው ውስጥ መግቢያ ያጣል፤ ሶፋው ላይ ወጥቶ በመጥረጊያና በገመድ የሚነዳው ለዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ይለዋል፤ ሄዶ ሄዶ...

ቆይ። ልንገርህ ወይስ አትፈልግም?

ጨሞጋ_ዳር (ደብረ ማርቆስ)

አትንገረኝ። ከጋሼ ጋር እናያታለን።

ፍኖተ_ማንጎ (ፍኖተ ሰላም)

ሳናየው እንዳይቀር፤ ከጥምቀት በኋላ ተመልሰህ ጻፍልን።

ጨሞጋ_ዳር (ደብረ ማርቆስ)

ተመልሻለሁ። ዛሬ ጥር 14 ነው።

የመጀመሪያው ስክሪን ተበላሸብን፤ ፀሐዩ ላይ አብዝተነው ኢመልሽኑ ደነደነ፣ በውሃ አልለቅም አለ። በሁለተኛው ጣና ጨርቅ እንዳልከው በቁራጭ ሞከርን፤ ለኛ የሠራው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ነው። ከ14ቱ ሦስቱ ላይ ጥቁሩ መስመር በትንሹ ተንሸራቷል፣ ደርበነው ስለነበር ክፍተት አልታየም። አረንጓዴው ከጠበቅነው ትንሽ ጨለም ብሏል፤ የሎሚው ቀለም ሳይሆን የእሸት ባቄላው ሆነ። አንዱ ልጅ «እንዲያውም ይኸ ነው ልኩ» አለ፤ ተውነው።

ድቡ ከሞጣ በሰው እጅ መጣ። ማር እሸት፣ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ሁለቱ ቁልፎች አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይተልቃል። ሆነ ብለሽ መሆን አለበት፤ ለዚያ ነው መሰለኝ የሚያይ የሚመስለው።

ጋሼ ቤት የሄድነው በከተራ ማታ ነው፣ ታቦት ወደ ማደሪያው ከወረደ በኋላ። 13 ሰው ጓሮው አልበቃንም። ካናቴራውን ከሹራባቸው በላይ ለበሱት፤ ትልቁን ቁጥር መውሰዳችን ጠቀመን። ሥዕሉን እጃቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩት። ሚኒዋን አላሉም፣ ሶፋውን አላሉም። «ካሴቱ የሚያዝባት ናት» አሉ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ያሳዘናቸው ነገር ያ ነበር። ያን ካሴት በእርሳስ እያጠነጠኑ ለኛ ለልጆቹ መጨረሻዋን ሊያሳዩን ፈልገው ሳይችሉ መቅረታቸው። አዲስ ካሴት ለመግዛት አስበው ነበር፤ ያን ዓመት ጣሪያው ቀደመ። እሳቸውም ራሳቸው አላዩዋትም።

ስልክ አውጥተን ክፍሏን ከፈትን። መስኮቱ ላይ አቆምናት፤ ጋሼ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ተጣበን፣ ልክ እንዳግዳሚው። ሚስተር ቢን ሶፋው ላይ ወጣ። ገመዱን ያዘ። ካሴቱ የሚጎተትባት ቦታ ስትደርስ ጋሼ እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ፣ ዴኩን ሊከፍቱ ይመስል። አለፈ። ቁልቁለቱን ወረደ፣ ፍሬኑ እምቢ አለው፣ እየበረረ ሄዶ ትራስ በጫነ መኪና ውስጥ ገባ፤ ላባው ብን አለ።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ለካ ትራስ ነው» አሉ። ከዚያ እንደገና እንድንከፍትላቸው ጠየቁ።